ሰምና ወርቅ በሎስ አንጀለስ

በ1965 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ 1,500 ያህል የወሎ ገበሬዎች ርዳታ ለመለመን ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። ከደሴ የሚነሳው አውራ ጎዳና ኮምቦልቻንና ከሚሴን ካለፈ በኋላ ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ጀውሃ እያለ የይፋትን ቆላ ይሰነጥቅና ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ ከዚያ ደብረ ሲናን ይዞ ጣርማበርን ይወጣል። ማጀቴ ከዚህ ጎዳና ወጣ ብላ፣ ጀርባዋን ለመንዝ ተራራ ሰጥታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ማሽላውም ማሾውም ዝናብ ሲሰጥ የሚሰጥ፣ ዝናብ ሲነሳ የሚነሳ አገር ነው። ገበሬዎቹ ከአዲስ አበባ ዳር ሲደርሱ ፖሊስ ወደ መጡበት መለሳቸው።

ወራት ቆይቶ ካሜራ ወደ ወሎ መጣ።

ያመጣው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነበር። ዘገባው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታኒያው አይቲቪ ታየ፤ ርዕሱም «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊሸፍነው የሞከረውን ነገር የእንግሊዝ ሕዝብ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ አየው። በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ቆላ ያለው ሰው ግን ስለ ራሱ የተሠራውን ፊልም የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ለነገሩ የሚያይበት ቢኖርም ተራኪው ዲምብልቢ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር።

ፊልሙ ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በደርግ እጅ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ምስሎች ለሕዝብ አሳየ። ፊልሙ እንደ መጣ ግን አልቀረበም። ከሞት አፋፍ ባሉት ሕፃናት መሐል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ኬክና ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚበሉ የንጉሡ ውሾች ገቡበት። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ከዙፋን ወረዱ።

ሩሲያዊው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ አንድን የተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጎን ቀጥሎ ቢያሳይ፣ ተመልካቹ በዚያው ባልተለወጠ ፊት ላይ ረሃብንም ኀዘንንም እንዳነበበ ይተረካል። የፊልም ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ሰሞን ይሰማል። የእንቁጣጣሹ ቅንብር ያንኑ ብልሃት በአገር ጉዳይ ላይ አዋለው። ዙፋን የጣለው ጦሩና የሕዝቡ ቁጣ ነው እንጂ ፊልም አይደለም፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር ከተሠራ የፊልም ቆረጣና ቅጥያ ሁሉ ይህን የሚያህል ክብደት የነበረው የለም። ገበሬው በዚያ ቅንብር ውስጥም ታየ እንጂ አልተናገረም። በመጀመሪያው ፊልም ለእንግሊዞች ርኅራኄ፣ በሁለተኛው ለወታደሮቹ አብዮት ማስረጃ ሆነ።

በዚያው በ1966 ዓ.ም. አንድ የጎንደር ልጅ ከካሊፎርኒያ ካሜራ ይዞ አገሩ ገብቶ ነበር።

ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ የቴአትር ሰውና «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘው የአርበኞች ታሪክ ደራሲ ነበሩ። በቤት ውስጥ ተረቱና ፉከራው፣ በከተማው ሲኒማ ቤት ደግሞ ታርዛንና ካውቦይ ነበር። ኃይሌ በቃለ ምልልሶቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ትዝታ አለ፦ አፍሪካውያኑ ከጀርባ ሲመጡበት ታርዛን እንዲጠነቀቅ የጎንደር ሕፃናት ከመቀመጫቸው ተነስተው ይጮሁለት ነበር። በሳቅ ነው የሚናገሩት። የኋላ ሥራቸው ሁሉ ግን ከዚያ ጩኸት ላይ የተነሳ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ወደሚገኘው የጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት አቀኑ። (ከዚህ በታች የባሕር ማዶው ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይቀጥላል።) በዚያ ለጥቁር ተማሪ የተረፈው የአሽከርነት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ስላገኙት ቴአትሩን ትተው በ1970 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ዩሲኤልኤ፣ ፊልም ትምህርት ክፍል ገቡ። ጊዜው ምቹ ነበር። በ1965 የዋትስ ሠፈር በአመፅ ከተቃጠለ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የጥቁሮችን፣ የሜክሲካውያንን፣ የእስያ ተወላጆችንና የቀይ ሕንዶችን ልጆች ወደ ካሜራው የሚያስጠጋ ክፍል ከፍቶ ነበር። ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ቤን ካልድዌል፣ ትንሽ ቆይቶም ጁሊ ዳሽና ቢሊ ውድቤሪ በዚያ በር የገቡ ናቸው። አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዛል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ ገንዘብ ሲያጣ ምሳውን ያካፍላል። ሆሊውድ በመኪና ቅርብ ነበር፤ እነሱ ግን ዓይናቸውን የጣሉት በሃቫናና በቦነስ አይረስ፣ በዳካርም ላይ ነው።

በ1969 ሁለት አርጀንቲናውያን፣ ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ፣ «ወደ ሦስተኛው ሲኒማ» የሚል ጽሑፍ አውጥተው ነበር። እንደ እነሱ አከፋፈል የመጀመሪያው ሲኒማ ሆሊውድ ነው፤ ተመልካቹን ገዢ ያደርገዋል። ሁለተኛው የአውሮፓ ጥበበኛ ዳይሬክተሮች ሲኒማ ነው፤ ስለ ራሱ ስለ ዳይሬክተሩ ነፍስ ይጨነቃል። ሦስተኛው የተጨቆነው ሕዝብ የነጻነት መሣሪያ የሚያደርገው ሲኒማ ነው፤ ተመልካቹ አይቶ ብቻ እንዲሄድ አይፈልግም፣ መብራት በርቶ እንዲከራከር ይሻል። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ኢትዮጵያዊው ተማሪ የሚፈልገውን አገኘ።

ኃይሌ በ1972 «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ»ን፣ በ1975 ደግሞ «ቡሽ ማማ»ን ሠሩ። «ቡሽ ማማ» የሚከፈተው የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሰዎችን ሲፈትሹ በሚያሳይ ትዕይንት ነው። ትዕይንቱ ልብ ወለድ አይደለም፤ የሚፈተሹት የፊልሙ ባለሙያዎች ራሳቸው ናቸው። ጥቁር ሰው ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆሙ ለፖሊሶቹ አጠራጣሪ ነበርና አስቆሟቸው፤ ካሜራው ያንን ቀረጸ፤ ፊልሙም በዚያው ጀመረ።

በሁለቱ ፊልሞች መሐል ነው እንግዲህ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት። ፊልሙን በሳምንታት ውስጥ፣ በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጹት፤ ተዋንያኑም አብዛኞቹ ሙያተኞች አልነበሩም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። ርዕሱ ራሱ ነገር ይበላል፤ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ሲባል ለኖረው ቤተ መንግሥት «ምርቱ የታል?» የሚል ይመስላል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ያግዳል። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ይመለከታቸዋል፤ ይሰድባቸዋል። ከመሬቱ የተነቀለ ከበበ የሚባል፣ ሰው እብድ የሚለው ሽማግሌ በየመንገዱ እውነቱን ይናገራል። የቤቱ ልጅ ጎርፍ ከወሰዳት ላም ጋር አብራ ትሞታለች። መጨረሻ ላይ ባለመሬቱን የሚገድለው ጭሰኛው አይደለም፤ ከበበ ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። በሬ ከማሳው ጫፍ እስኪደርስና እስኪዞር ካሜራው ይጠብቃል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ አጠገብ እስኪደርስ አይቆረጥም። እርቦና ሲሶ ሲከፍል የኖረ ሰው ያሳለፈው ቀን ረጅም ነው፤ ያን ቀን አሳጥሮ ማሳየት በኃይሌ ዓይን ውሸት ይሆናል።

በፊልሙ ላይ ሥራው ገና ሳያልቅ አገሩ ተለወጠ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ዳይሬክተሩ 29 ዓመት የሞላቸው ዕለት። አጋጣሚው ምንም አያስረዳም፤ ግን ሳይጠቅሱት ማለፍም ይከብዳል። ፊልሙ በ1976 በካን የሐያስያን ሳምንት ታየ፤ ሎካርኖ ላይም የብር ነብር ተሸለመ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቀይ ሽብር እየተቃረበ ነበር። ኃይሌ ኑሯቸውን አሜሪካ አደረጉ፤ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር።

ሎስ አንጀለስ ላይ ሌላ ኢትዮጵያዊ ቀርቷል። ተሾመ ገብርኤል በ1939 ጢቾ ተወለዱ፤ በ1962 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በዩታ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ያጠኑት ፖለቲካል ሳይንስ ነው። በ1974 ዩሲኤልኤ ማስተማር ጀመሩ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1979 እዚያው አገኙ። እኒያ ወጣት ጥቁር ፊልም ሠሪዎች ካሜራ ሲይዙ፣ ተሾመ ደግሞ የሚሠሩት ነገር ስም እንዲኖረው ብዕር ያዙ። አንዱ ያለ ሌላው ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ፊልም ያለ ሐያሲ በፌስቲቫል አንድ ማታ ታይቶ ይረሳል፤ ሐያሲም ያለ ፊልም የሰው አገር መጻሕፍት ተንታኝ ሆኖ ይቀራል።

በ1980 ተሾመ «ሐላ፦ የሰምና ወርቅ ሲኒማ» የሚል ጥናት በ«ፕሬዛንስ አፍሪኬን» መጽሔት አሳተሙ። «ሐላ» የሴኔጋላዊው የኡስማን ሴምቤን የ1975 ፊልም ነው። ኤል ሐጂ የሚባል ነጋዴ ሦስተኛ ሚስት ባገባበት ሌሊት ወንድነቱ ይከዳዋል፤ መድኃኒት ፍለጋ ከጠንቋይ ጠንቋይ ይንከራተታል። መኪናውን ከፈረንሳይ በመጣ የታሸገ ውሃ ያሳጥባል። ልጁ ራማ በወሎፍ ስትናገረው በፈረንሳይኛ ይመልስላታል። በመጨረሻ እርግማኑን ያመጡት መሬታቸውን ቀምቶ ለማኝ ያደረጋቸው ሰዎች መሆናቸው ይገለጣል፤ ለመዳንም በየተራ እንዲተፉበት ይቆማል።

ለአውሮፓዊ ሐያሲ ይህ ቀልደኛ ፊልም ነው። ለጢቾው ልጅ ግን ቅኔ ነበር። ሰሙ፣ አልጋ ላይ የተሸነፈው ሽማግሌ፤ ወርቁ፣ ነጻነት አግኝቶ ምንም መውለድ ያልቻለው የአዲሶቹ ገዢዎች መደብ። ሳቁ የሰሙ ነው፤ ወርቁን ያገኘ ግን መሳቁን ያቆማል። ተሾመ እንዲህ ሲያነቡ አንድ ነገር እያሳዩ ነበር፦ የአፍሪካን ፊልም ለመመርመር መሣሪያው ከፓሪስ ብቻ መምጣት የለበትም፤ የጎንደርና የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪ ለዘመናት የያዘው ብልሃት ዳካር ላይ የተሠራ ፊልም ይፈታል።

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስቀድሞ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን ነበር። የ1965 መጽሐፉን በዚሁ ስም ሲሰይም ስለ አማራ ገበሬ የጻፈውን ያጠናው በመንዝ ተቀምጦ ነው፤ ከማጀቴ ቀና ብለው ከሚያዩት ተራራ ላይ። ለሌቪን ሰምና ወርቅ የአንድን ሕዝብ ጠባይ፣ ምናልባትም ወደ ዘመናዊነት በሚያደርገው ጉዞ የሚገጥመውን ችግር ማብራሪያ ነበር። ተሾመ ነገሩን ገለበጡት። ቅኔ የሚጠና ጠባይ መሆኑ ቀርቶ የሚያጠና ዓይን ሆነ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ኢትዮጵያዊ ምሁር ለዓለም የፊልም ሂስ ካበረከተው ሁሉ ይህ መገልበጥ ይበልጣል።

ከ«ሐላ» ጥናት ሁለት ዓመት በኋላ «ሦስተኛው ሲኒማ በሦስተኛው ዓለም» የተሰኘው መጽሐፋቸው ወጣ። ተከትሎም ስለ ሦስተኛው ዓለም ፊልሞች ሂሳዊ ንድፈ ሐሳብ የጻፉት ጽሑፍ በየዩኒቨርሲቲው የሚነበብ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ፀረ ቅኝ አገዛዝ ጸሐፊው ፍራንዝ ፋኖን ስለ ቅኝ ተገዢ ምሁር ያለውን ወደ ሲኒማ አመጡት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ፊልም ሠሪው ሆሊውድን ይገለብጣል። በሁለተኛው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ገጠሩን፣ ባህሉን፣ ያለፈውን ዘመን ይናፍቃል፤ አንዳንዴም ያመልከዋል። በሦስተኛው ከሕዝቡ ጋር ይታገላል። አከፋፈሉ ለማስተማር ይመቻል፤ ግን እንደ ጥበብ ጥለት በጣም ተስተካክሏል። የኃይሌ ፊልም ራሱ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው በአንዱ ብቻ አይገባም፤ ተሾመም ኋላ ላይ ከዚህ መሰላል ወርደው ወደ ልቅ አጻጻፍ ሄደዋል።

የማያረጀው የሥራው ክፍል ሌላው ነው። ተሾመ የተረት አገርንና የኅትመት አገርን ኪነ ጥበብ ጎን ለጎን አስቀምጠው አወዳደሩ፤ ከዚያ ወደ ካሜራው ተሻገሩ። የምዕራቡ ፊልም ክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊትን አቅርቦ ማሳየት፣ የሚያበዛው የአንድን ሰው የውስጥ ስሜት ስለሚያሳድድ ነው። ኑሮው በጋራ በሆነ አገር ግን ፊትን ከጎረቤቱና ከመሬቱ ነጥሎ ማሳየት ሰውየውን ጎዶሎ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ካሜራው ራቅ ይላል፣ ይሰፋል፣ ይቆያል። ዝምታውም ባዶ ቦታ አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይናገር ተቀምጦ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ንድፈ ሐሳቡ በሎስ አንጀለስ ሲጻፍ አገር ቤት ረሃቡ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ዓለምን አዳረሰ። በዚህኛው ጊዜ የማጀቴ አካባቢም ከታሪኩ ውጭ አልነበረም፤ በአንጾኪያ ሸለቆ ዎርልድ ቪዥን ትልቅ የረሃብተኞች ጣቢያ ነበረው። ገንዘቡ መጣ፤ ሰው ተረፈ። የሰው ነፍስ የተረፈበትን ምስል መንቀፍ ለሐያሲ ቀላል ነው፤ ለተረፈው ሰው ግን አይደለም። ያም ሆኖ ለአንድ ትውልድ ሙሉ «ኢትዮጵያ» ማለት ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት ማለት ሆኖ ቀረ። ያውም በክሎዝ አፕ፤ ስም፣ ቀዬ፣ ጎረቤት የሌለው ፊት።

በ1986 ኤድንብራ ላይ ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ጉባኤ ተካሄደ፤ ከዚያ የተወለደው መጽሐፍ በ1989 ሲታተም ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ጽሑፍ ነበራቸው። ተሾመ ሦስተኛውን ሲኒማ የሕዝብ ትዝታ ጠባቂ ሲሉ ሰየሙት፤ ከመንግሥት ታሪክ ጎን ሽማግሌ የሚያውቀው ሌላ ታሪክ አለና። ኃይሌ ደግሞ ሲኒማን በሦስት ማዕዘን ሣሉት፦ ተራኪው፣ ማኅበረሰቡና ሐያሲው። አንዱ ከጎደለ ምድጃው በሁለት ጉልቻ ቀረ ማለት ነው። በጽሑፋቸው ርዕስ ላይ ድንቅነሽን ከሉሲ ጋር አፋጠጧት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሃዳር ላይ፣ የይፋት ወንዞች ከሚገቡበት ከአዋሽ ተፋሰስ የተገኘችው ቅሪት ለዓለም የታወቀችው በአንድ የቢትልስ ዘፈን ስም ነው። የአገሯ ሰው ያወጣላት ስም ሁለተኛ ሆነ። ለኃይሌ ይህ ከታርዛን ጩኸት የተለየ ነገር አልነበረም።

ተሾመ በዚያው ሰሞን ስለ ዘላን ውበት ጻፉ። ዘላን በአንድ ስፍራ ሐውልት አይተክልም፤ መንገዱን ግን ያውቃል፤ ነጻው የጥቁሮች ሲኒማም እንዲሁ ድንበር እያለፈ፣ ያገኘውን እየያዘ ይኖራል አሉ። ሐሳቡ በካሊፎርኒያ ረቂቅ ይመስል ይሆናል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩ ግመሉን፣ አርጎባው ሸማውን፣ አማራውና ኦሮሞው እህሉን ይዘው ሲገናኙ ላየ ሰው ግን ምድራዊ ነገር ነው።

ከ1987 እስከ 1991 ደግሞ «ጧፍ» የተሰኘ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ መጽሔት በአማርኛ አዘጋጁ። ዓለም በእንግሊዝኛ የሚያነብባቸው ፕሮፌሰር፣ በስደት አገር፣ አንባቢው ጥቂት እንደሚሆን እያወቁ፣ በፊደላቸው መጽሔት ማሳተማቸው ከማንኛውም ንድፈ ሐሳባቸው በላይ ስለ እሳቸው ይናገራል።

የኃይሌ ፈተና ሌላ ነበር፤ ገበያ። ስለ ባሪያ ንግድ የሠሩት «ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ላይ ተወዳደረ፤ በአሜሪካ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ በየከተማው የጥቁሮችን ማኅበራት እያስተባበሩ፣ ፊልሙን ራሳቸው ይዘው ዞሩ። ሕዝቡ ተሰለፈ። ከዚያ በተገኘው ገንዘብ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በጆርጂያ ጎዳና ላይ «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ፤ ቡናም ይጠጣበታል። በጽሑፍ ላይ የነበረው ሦስት ማዕዘን ጣሪያና ግድግዳ አገኘ።

ሌሎችም ተከተሉ። የዩሲኤልኤ ልጅ የማነ ደምሴ በ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ላይ «ግርግር»ን ሠሩ፤ በዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማሩት ሳሌም መኩሪያ በ«የወንዝ ማዕበል» የአብዮቱን ዘመን በገዛ ቤተሰባቸው በኩል ተረኩት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ሥራዎች ናቸው።

አገር ቤት ታሪኩ በሌላ መስመር ሄደ። ደርግ ያቋቋመው የፊልም ኮርፖሬሽን ተዘጋ። ሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር»ን ከሠሩ በኋላ ሴሉሎይድ እየራቀ ቪዲዮ መጣ፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ በአማርኛ ፊልም ሰልፍ ተጨናነቀ። በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ቪዲዮ ቤት ነገሠ፦ አግዳሚ ወንበር፣ በመጋረጃ የጨለመ ክፍል፣ ሕንድኛና ካራቴ፣ ኋላም በአማርኛ የተተረከ የአሜሪካ ፊልም። የቪዲዮ ቤት ተመልካች ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ቀድሞ ይተነብያል። ሶላናስና ጌቲኖ የተመኙት ተናጋሪ ተመልካች እዚያ ነበረ፤ የጎደለው ስለ እሱ የሚናገር ፊልም ነው። በ2006 ዓ.ም. ዓመታዊ የፊልም ሽልማት ሲጀመር «ጉማ» ተባለ፤ ስሙ ከሚሼል ፓፓታኪስ የቀድሞ ፊልም የተወሰደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ» ወጣ። ገንዘቡን ለማግኘት ኃይሌን 14 ዓመት ያህል ፈጅቷል። አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አብዮት አይቶ፣ አንድ እግሩን ለዘረኞች ገብሮ እናቱ ደጅ ይመለሳል። ጣና ዳር ያለችው መንደር ግን ምሁር አልጠበቀችም፤ ልጆቿን ከአፈሳ በዋሻ ትደብቃለች። በ«ምርት» ባለመሬቱ ከኮረብታ ላይ ገበሬውን ይመለከት ነበር፤ በ«ጤዛ» ገበሬው የተመለሰውን ምሁር ይመለከታል፣ በትዕግሥትና በጥርጣሬ። ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ። ተሾመ ገብርኤል በማግሥቱ ዓመት፣ በሰኔ 2010፣ በ70 ዓመታቸው በድንገተኛ የልብ ሕመም ሎስ አንጀለስ ላይ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ልጆች ይህን ውርስ አውቀውም ሆነ ሳያውቁ ተካፍለዋል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ«ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ያሬድ ዘለቀ በ2015 «ዳንግሌ»ን ይዞ ካን ገባ፤ በይፋዊው መርሐ ግብር የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። በ«ዳንግሌ» እናቱን ድርቅ የነጠቀው ኤፍሬም ዝንብ የወረረው ፊት አይደለም። ወጥ መሥራት የሚወድ፣ በጉን ከቢላ ለማዳን የሚያሴር፣ ተንኮል የሚያውቅ ልጅ ነው። ረሃቡ አለ፤ ግን ልጁ ከረሃቡ ይበልጣል። ይህን ለማየት ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ዓመት ፈጅቷል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በማርቲን ስኮርሴዚ አጋዥነት ታድሶ በ2006 ካን ላይ ዳግም ታይቷል። «ሳንኮፋ»ም በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ፊልሞቹ እንግዲህ በስልክ ኪስ ውስጥ የሚገቡበት ዘመን ነው፤ የተሾመ ጽሑፎች ግን ለማጀቴ ወይም ለሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አሁንም የባዕድ ቋንቋ ናቸው። ቅኔ የሚያውቅና እንግሊዝኛ የማይቸግረው አንባቢ ካለ፣ ከ«ሐላ» ጥናት ይጀምር፤ አጭር ናት፣ ወርቋም ወደ አማርኛ ለመመለስ አያስቸግርም። ከ1987 እስከ 1991 የወጡት የ«ጧፍ» ቅጾች በቤቱ መደርደሪያ ያሉትም ሰው ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ይስጥልን።